የሰንጢ ማጠፊያ

የሰንጢ ማጠፊያ የሰንጢ ስለት ከእጀታው ጋር የሚያያዝበት፣ ሲከፈትና ሲዘጋም የሚዞርበት ክፍል ነው። በቆዩ ሰንጢዎች ማጠፊያው ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ጫፎቹ በመዶሻ የተደፈጠጡ የብረት ወይም የናስ ምስማር ነው። በበርካታ አዳዲስ ሰንጢዎች ግን በካቻቪቴ የሚጠብቅ ብሎን አለው። ማጠፊያው ሲላላ ስለቱ ይወዛወዛል፤ ሲዘጋም የእጀታውን ጎን ይፍቃል።

የመላላት ምክንያቶች

ሰንጢን እንደ መፈልቀቂያ መጠቀም የምስማሩን ራስ ያላላል። ማጠፊያው ውስጥ የገባ አቧራም ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላል።

የአየር ጠባይም ድርሻ አለው። በመተማና በአካባቢው የምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ክረምቱ ደግሞ እርጥበት ያመጣል። የእንጨት እጀታ በደረቅ ወቅት ስለሚኮማተር ማጠፊያው ይላላል፤ በክረምት ስለሚያብጥ ይጠብቃል። ስለዚህ በበጋ ከልክ በላይ የተደፈጠጠ ሰንጢ በክረምት አልከፈት ሊል፣ እጀታውም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ችግሩን መለየት

ስለቱ ወደ ግራና ቀኝ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ የምስማሩን ራስ መደፈጠጥ ይበቃል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ምስማሩ አልቋል ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ይህ በመቀጥቀጥ አይድንም፣ ወፈር ያለ ምስማር ይፈልጋል። ስለቱ በቀላሉ የሚታጠፈው የጀርባው ሞላ ስለደከመ ከሆነም ማጠፊያውን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም።

አጠባበቅ

በቅድሚያ ማጠፊያው በላምባና በብሩሽ ይጸዳል፤ ቆሻሻው ሲወጣ የላላ የመሰለው ጉድለት በትክክል ይታያል። ስለቱ እጅ እንዳይቆርጥ በወፍራም ጨርቅ ይጠቀለላል። ከዚያ የምስማሩ አንድ ራስ በድፍን ብረት ላይ ያርፋል፤ የሌላው ራስ ዙሪያ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታል። ከሁለት ሦስት ምት በኋላ ሰንጢው እየተከፈተና እየተዘጋ ይፈተሻል፤ ከዚያም ተገልብጦ በሌላው ወገን ይደገማል። መዶሻው ከምስማሩ ውጭ ካረፈ የቀንድ፣ የአጥንት ወይም የእንጨት እጀታን ይሰነጥቃል።

መወዛወዙ ሲቀር መምታቱ ይቆማል። ጥቂት ከጠበቀ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምሮ ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ያለሰልሰዋል። ከልክ በላይ የተደፈጠጠን ምስማር ግን መልሶ ማላላት አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምስማሩን አውጥቶ መለወጥ ያስፈልጋል። ብሎን ያለው ማጠፊያ በካቻቪቴ በትንሽ በትንሹ ይጠብቃል።