ውሃው ለእናትየዋ

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ ስትወርዱ ጋቢው መንገድ ላይ ይከብዳችኋል። ደጋው ከኋላ ይቀርና የቆላው ሙቀት ይቀበላችኋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ግመላቸውን ያራገፉት እዚሁ ነበር። እንዲህ ባለ አገር አራስ ልትጠይቁ ብትገቡ፣ ከጠያቂዎቹ አንዷ «ምነው፣ ልጁ ውሃ አይጠማውም?» ብትል ማን ይፈርድባታል? እኛስ ላባችንን እየጠረግን አይደል የገባነው!

መልሱ ግን ደስ ይላል፤ አይጠማውም። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 እጁ ውሃ ነው። በሞቃት አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ጡት ብቻ የሚጠቡ ጨቅላዎች እስከ ስድስት ወር ሌላ ውሃ እንደማያሻቸው አሳይተዋል። ልጁ መጥባት ሲጀምር የሚመጣው ወተት ቀጠን ያለ ነው፤ ቅባቱ እየበዛ የሚሄደው ወደ መጨረሻው ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ ትንሽ ጠብቶ የሚተውና ወዲያው ደግሞ የሚጠይቅ ሕፃን እየተነጫነጨ ላይሆን ይችላል፤ ውሃውን እየጠጣ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። 17 በመቶዎቹ ከጡቱ ጋር ውሃ ይሰጣቸው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩም ጭልፋ ውሃ ይዛ የምትጠብቃቸው አያት ክፉ ሴት አይደለችም፤ አዝና ነው።

ታዲያ ጥቂት ውሃ ምን ይጎዳል? ተቅማጥ ሊያመጣ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ጡት እንደ አሊዩ አምባ የዓርብ ገበያ ነው፤ ገዢ ከበዛ ሻጩ በሚቀጥለው ሳምንት አብዝቶ ያመጣል፣ ዕቃው ካልተነሳ ይቀንሳል። ልጁ ሲጠባ የእናትየዋ አንጎል ወተት የሚያሠራውን ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ወተቱ ሳይጠባ ጡት ውስጥ ከቆየ ደግሞ «በቃ» የሚል ምልክት ይሆናል። የሕፃን ሆድ በውሃ ከሞላ ልጁ አይጠባም፤ ካልጠባ ወተቱ ይቀንሳል፤ ከቀነሰ «ወተትሽ አልበቃውም» ይባልና ውሃው ይጨመራል። ለጥማት ተብሎ የተጀመረው ነገር ወተቱን ራሱን ያደርቃል ማለት ነው።

እንገሩም ላይ እንዲሁ ነው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጥቂት ስለሆነ ይናቃል፤ አንዳንድ ቤት ታልቦ ይደፋና በምትኩ ለጋ ቅቤ ይላሳል። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚጠባው ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ያቺ ማንኪያ በሽታ ተከላካይ የሞላባት ናት። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ የሚባለው ለዚህ ነው።

«አይዞሽ» ማለትም ወግ ብቻ አይደለም። ወተቱን ከጡት የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ነው፤ ጭንቀትና ሕመም አወራረዱን ያዘገዩታል። «ጡትሽ ወተት የለውም እንዴ?» ብላ የምትወጣ ጠያቂ፣ ገንፎ ይዛ ብትመጣም ጎድታ ነው የሄደችው። ይልቅ እናትየዋን ጡቷ ያማት እንደሆነ ጠይቋት። የሚያም ከሆነ ብዙ ጊዜ ልጁ ጫፉን ብቻ ይዞ ነው፤ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ አገጩ ጡቱን ነክቶ፣ ከጫፉ ዙሪያ ያለውን ጥቁሩን ጭምር መጉረስ አለበት። በቂ ወተት ማግኘቱን ደግሞ ከለቅሶው ሳይሆን ከሽንቱ ዕወቁ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስቴና ከዚያ በላይ ከሸና ደህና ነው። ውሃውን ለእናትየዋ ቅዱላት፤ የሚጠማት እሷ ናት።

አርጎባና አማራ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት ሆነው በሚኖሩበት በአሊዩ አምባ አካባቢ ለማጥባት ከሃይማኖትም ድጋፍ አለ። ቁርዓን የማጥባትን ጊዜ ሁለት ሙሉ ዓመት አድርጎ ይጠቅሳል፤ የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች የረመዳንን ጾም ልታዘገይ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅትም ከስድስት ወር በኋላ ምግብ እየተጨመረ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባ ይላል።

ለምታጠባ እናት የሚከብደው ወደ ሥራ መመለሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀናት ፈቃድ ስድስት ወር አይሞላም። ገበያ ወጥታ በርበሬ የምትሸጥ እናት ደግሞ እሱም የላትም። ልጁን አዝላ ካልወጣች፣ እጇን ታጥባ ወተቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ፣ ከድና ማስቀመጥ ትችላለች። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በቆላ ሙቀት ግን ቶሎ መሰጠት አለበት። ጡጦም አያስፈልግም። አዲስ የተወለደ ሕፃን እንኳ ከስኒ መጠጣት ይችላል! ቀና አድርጋችሁ ያዙት፣ የስኒውን አፍ ከታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉለት፤ ራሱ በምላሱ እየላሰ ይጠጣል። ወደ አፉ ማንቆርቆር ግን የለም፤ ትን ይለዋል።