ሰዓቱንና በቆሎውን ማወቅ፦ በሜክሲኮ ርካሽና እውነተኛ ምግብ ስለማግኘት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ ንግግር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው። ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ተጓዥ፣ በተለይም ኪሱ ያልደለበ ተማሪ ወይም ተመራማሪ፣ የአገሬው ሰው የሚበላውን ምግብ በአገሬው ሰው ዋጋ እንዴት ሊያገኝ ይችላል? ጥያቄው የሆድ ነው፤ መልሱ ግን ወደ ታሪክ፣ ወደ ግብርናና ወደ ከተማ ኑሮ ይወስደናል። በሜክሲኮ ከተማ ለጥናት በቆየሁበት ጊዜ የተረዳሁት፣ ጥሩ ምግብ ለማግኘት በመጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎም በቆሎውን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ነው። አድራሻ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

አገሪቱ ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በያዘችበት ዘመን ይዞታውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር፤ የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይም ስሙን ያገኘው ከዚህ ወዳጅነት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ሜክሲኮን ጎብኝተዋል (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን፣ የቀኑን ሰዓት ግን በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። በሜክሲኮ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር 3ኛ መስመር ላይም ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ጣቢያው የሚያገለግለው የናርቫርቴ ሰፈር በታኮ ቤቶቹ የታወቀ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ አንድ ሰው «ከየት ልጀምር?» ቢለኝ ኢትዮጵያ ጣቢያ ውረድ እለዋለሁ፤ ያውም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ።

ማዕዳችንም ቢሆን ለዚያች አገር ባለዕዳ ነው። በቆሎ በዛሬዋ ሜክሲኮ ምድር ቴኦሲንቴ ከሚባል የዱር ሣር የዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ የለመደ እህል ነው። በርበሬ የምንለው ተክልም መጀመሪያ ሰው እጅ የገባው እዚያው ነው። በትግራይ ተራሮች የምናየው በለስ ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ልዩነቱ እኛ ፍሬውን ስንበላ ሜክሲኮዎች ለጋውን ቅጠል ጭምር እሾሁን ልጠው፣ ከትፈው፣ ቀቅለው ወይም ጠብሰው መብላታቸው ነው። ኖፓል ይሉታል። ከገበያ ከሚገኙ አትክልቶች ሁሉ ርካሹ ሊባል የሚችል ሲሆን፣ ለጾመኛ ተጓዥ ምን ያህል ባለውለታ እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ በቆሎው። ደረቁ በቆሎ በኖራ ውኃ ይቀቀልና እዚያው ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ልባሱ ይላቀቃል፤ ታጥቦም እርጥቡን ይፈጫል። የተቀቀለው እህል ኒሽታማል፣ ሊጡ ማሳ ይባላል። ኖራው ሊጡ እርስ በርሱ እንዲያያዝ ከማድረጉም በላይ በእህሉ ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ይፈታል። አውሮፓውያን በቆሎውን ሲወስዱ ይህን ዕውቀት ትተው ሄዱ፤ በሰሜን ኢጣሊያና በኋላም በደቡባዊ አሜሪካ ግዛቶች በበቆሎ ብቻ የሚኖሩ ድሆች ፔላግራ በሚባል በሽታ ለብዙ ዘመን ተሠቃዩ። ይህን ሁሉ ከሺሕ ዓመታት በፊት ያለ ቤተ ሙከራ የደረሱበት የሜሶ አሜሪካ ሰዎች፣ በተለይም በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው የኖሩት ሴቶች፣ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የሚገባቸውን ቦታ ያገኙ አይመስለኝም።

ተጓዡ ይህን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የንጹሕ ጤፍ እንጀራን ከተቀላቀለው ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ዓይኑና ጣቱ ይነግሩታል። ቶርቲያም እንደዚያው ነው። ከኒሽታማል ተፈጭቶ ወዲያው የተጋገረው ቶርቲያ በምጣዱ ላይ ይነፋል፤ ሲጠቀለል አይሰነጠቅም፤ ዝናብ የነካው አፈር የሚመስል ሽታ አለው። ከፋብሪካ ዱቄት የተሠራው ወይም ቀዝቅዞ የቆየው ይፈረፈራል። ስለዚህ በአንድ መደብ ፊት ስትቆሙ በመጀመሪያ ሥጋውን አትመልከቱ፤ ምጣዱን ተመልከቱ። ኮማል የሚሉት ምጣድ ከሸክላ ወይም ከብረት የተሠራ ሲሆን፣ ከጎኑ አንዲት ሴት የሊጥ ድብልብል በእጇ ይዛ ከተቀመጠች ፍለጋችሁ አብቅቷል።

በየሰፈሩ ቶርቲዬሪያ የሚባሉ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ትኩስ ቶርቲያ በኪሎ እየመዘኑ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጣሉ። ግማሽ ኪሎ ቶርቲያ፣ ሁለት የበሰለ አቮካዶ፣ ጥቂት ትኩስ አይብና አንድ ሎሚ ገዝቶ በአደባባይ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ በዚያች ከተማ ከሚገኘው ምሳ ሁሉ እጅግ ርካሹንና ከምርጦቹ አንዱን በልቷል። እኔ ወር በገባ በሦስተኛው ሳምንት የምኖረው በዚህ ነበር።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በሜክሲኮ እያንዳንዱ ምግብ የራሱ ሰዓት፣ አንዳንዱም የራሱ ቀን አለው። ርካሽ የሚሆነውም በሰዓቱ ሲበላ ብቻ ነው። ማለዳ በየባቡር ጣቢያው በር ላይ ትልቅ የእንፋሎት ድስት ይጣዳል፤ ውስጡ ታማል አለ። ታማል በበቆሎ ሽፋን ወይም በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ ነው፤ ድፎ ዳቦ በኮባ ሲጋገር ያየ ሰው አሠራሩ አይገርመውም። አብሮት የሚጠጣው አቶሌ ከአጥሚት ጋር የሚቀራረብ የበቆሎ መጠጥ ነው። የዋና ከተማዋ ሠራተኛ ታማሉን ዳቦ ውስጥ ጨምሮ ይበላዋል፤ ጉዋሆሎታ ይሉታል። ሊጥ በዳቦ! ሰው ሊስቅ ይችላል፤ እስከ ምሳ ግን አይራብም።

ምሳ ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ ፎንዳ ወይም ኮሲና ኤኮኖሚካ የሚባሉ አነስተኛ የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ኮሚዳ ኮሪዳ የተባለውን የቀኑን ምሳ በአንድ ቁርጥ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ሾርባ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ፣ ከሁለት ከሦስት ዓይነት ወጥ የሚመረጥ አንዱ፣ ባቄላ መሰል ፍሪሆሌስ፣ ቶርቲያ፣ የፍራፍሬ ውኃ። ዝርዝሩ በር ላይ በእጅ ተጽፎ ይለጠፋል። ለአንድ ሳህን የሚከፈለው በቱሪስቶች አደባባይ ዙሪያ ካለ ምግብ ቤት የመጀመሪያ ሳህን ያንሳል። በአሥር ሰዓት የደረሰ ሰው ግን የተረፈውን ይበላል፤ በአሥራ አንድ የደረሰ ወንበሩ ተገልብጦ ያገኘዋል። ተጓዦች ዘወትር የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ምሽት ላይ ደህና እራት ፍለጋ ይወጣሉ፤ የአገሬው ሰው ግን ትልቁን ምግብ ከበላ ሰዓታት አልፈዋል።

ቅዳሜና እሁድ ማለዳ የባርባኮዋ ነው። ባርባኮዋ፣ በተለይ በኢዳልጎ ግዛት፣ በጉድጓድ ውስጥ በማጌይ ቅጠል ተሸፍኖ ሌሊቱን ሲበስል ያደረ የበግ ሥጋ ነው፤ ማጌይ ከእኛ የቃጫ ተክል ጋር ዘመድ ነው። በጌሬሮ ሐሙስ የፖሶሌ ቀን ነው። በዩካታን እሁድ ጠዋት ኮቺኒታ ፒቢል ይበላል። በብስክሌት ላይ ቅርጫት ጭኖ፣ በሰማያዊ ላስቲክና በጨርቅ ሸፍኖ የሚዞር ሰው ካያችሁ ታኮስ ደ ካናስታ ይዟል፤ ርካሽ ከሚባሉት ሁሉ ርካሹ ታኮ ይህ ሲሆን፣ ሻጮቹ ብዙዎቹ ከትላስካላ ግዛት ናቸው።

ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ ሌሎች መጻሕፍት የማይነግሩት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የአሳማ ነገር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ የማይበላበት አገር ሰው፣ አሳማ በየድስቱ ውስጥ በሚገባበት አገር ምን ያደርጋል? አል ፓስቶር፣ ካርኒታስ፣ ኮቺኒታና ቺቻሮን አሳማ ናቸው፤ ፖሶሌም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ስሙ የማያሳብቀው ግን ስቡ ነው። ማንቴካ የሚባለው የአሳማ ስብ በፍሪሆሌስ ውስጥ፣ በታማል ሊጥ ውስጥ፣ በስንዴ ቶርቲያም ውስጥ ሊኖር ይችላል። የበቆሎ ቶርቲያ ግን በቆሎ፣ ኖራና ውኃ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃል ያዙ፦ «ዬቫ ማንቴካ?» ማለትም «ማንቴካ አለበት?» ሻጩ በቅንነት ይመልስላችኋል። ባርባኮዋ የበግ፣ ቢሪያ በአብዛኛው የፍየል ወይም የበሬ ነው፤ ሱዋዴሮና ሌንጓ የበሬ ሥጋ ቢሆኑም በብዙ ታኮ ቤቶች ከአሳማው ጋር በአንድ ስብ ይበስላሉ። የሚጠነቀቅ ሰው አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ ወደሚሸጥ መደብ ቢሄድ ይሻለዋል። ጾመኛ ደግሞ ከአይብ ውጭ፣ «ሲን ኬሶ» ብሎ፣ በኖፓል፣ በዱባ አበባ፣ በእንጉዳይ ወይም ዊትላኮቼ በሚባለው የበቆሎ ፈንገስ የተሞላ ቶርቲያ ከምጣድ ላይ ሊበላ ይችላል። በዋና ከተማዋ ይህ ያለ አይብም ኬሳዲያ ይባላል፤ የሌሎች ግዛቶች ሰዎች «አይብ የሌለው እንዴት ኬሳዲያ ይሆናል?» እያሉ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ እስካሁን አልተፈታም። የእኛ ሰው እንደ ቤቱ የሚሰማው ታኮስ ደ ጊሳዶ ዘንድ ነው፤ በሸክላ ድስት የተደረደሩ ወጦች፣ ከሥር ቶርቲያ፣ ከጎን ዳጣ የሚያስታውስ ሳልሳ። ሳልሳው ነጻ ነው፤ መጀመሪያ በጠብታ ቅመሱት፤ በርበሬ ለምዶ ያደገ ሰውም ቢሆን አባኔሮን አይድፈር።

«እውነተኛ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ልበል፤ ብዙ አላምነውም። አል ፓስቶር ዛሬ የዋና ከተማዋ መለያ ነው። ሥጋው በቁም ዘንግ ላይ ተደራርቦ ሲዞር ያየ ሰው ሻዋርማን ያስታውሳል፤ መነሻውም ከሌባኖስና ከአካባቢው የመጡ ስደተኞች ናቸው። በፑዌብላ ከተማ ታኮስ አራቤስ፣ የዐረብ ታኮ፣ የሚባለው እስከ ዛሬ ይሸጣል። በጉ በአሳማ ተተካ፤ ቃሪያና አቾቴ ተጨመረ፤ አናናስ ከላይ ተሰካ። ታዲያ ይህ እውነተኛ አይደለም ሊባል ነው? ለእኔ መለኪያው ዕድሜው አይደለም፤ ምግቡን በየቀኑ የሚበላ፣ ሲበላሽ የሚያውቅና ቀርቶ ሌላ ቦታ የሚሄድ ደንበኛ መኖሩ ነው። የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብ በ2010 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ በ2024 ደግሞ ኤል ካሊፋ ደ ሌዎን የተባለው ጠባብ ታኮ ቤት የሚሽላን ኮከብ አግኝቷል። ሁለቱም ደስ የሚያሰኙ ናቸው፤ ግን የረጅሙን ሰልፍ ባለ ስልክና የረጅሙን ሰልፍ ባለ ቱታ መለየት የተጓዡ ፈንታ ነው። እኔ ባለ ቱታውን እከተላለሁ። የግንባታ ሠራተኛ ዕረፍቱ አጭር፣ ገንዘቡ ጥቂት ነው፤ ሁለቱንም በመጥፎ ምግብ አያባክንም። ብዙ ሰው የሚበላበት መደብ ምግቡ ስለማያድር ለሆድም የተሻለ ነው።

ርካሽነቱ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በጥር 2007 የቶርቲያ ዋጋ ሲያሻቅብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዋና ከተማዋ ሰልፍ ወጥተዋል። በ2025 ደግሞ ሮማና ኮንዴሳ በሚባሉት ሰፈሮች በውጭ ገንዘብ የሚኖሩ እንግዶች በመብዛታቸው ኪራዩ ነዋሪውን አፈናቀለ የሚል ተቃውሞ ተነሥቷል። ኪራይ ሲወጣ ፎንዳው ይዘጋል፤ በቦታው ለእንግዳው የሚስማማ፣ ሳልሳው የማያቃጥል ቤት ይከፈታል። እንግዲህ ርካሽ ምግብ የሚፈልገው ተጓዥ ራሱ ከሚያስወድዱት አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስተያየቴ ግልጽ ነው፤ በአምስት ፔሶ አትከራከሩ። በፎንዳ 10 በመቶ ጉርሻ ተዉ። ዝርዝር ገንዘብ ያዙ፤ የትልቅ ኖት መልስ ፍለጋ ሻጯን ከምጣዷ አታስነሡ። በብዙ ታኮ ቤቶች የሚከፈለው ከተበላ በኋላ ነው፤ ሻጩ «ስንት በላህ?» ይላል፤ የነገራችሁትንም ያምናል።

[ከታዳሚ የቀረበ ጥያቄ፦ ውኃውስ? መንገድ ላይ መጠጣት አያሳምምም?]

መልካም ጥያቄ ነው። የቧንቧ ውኃ የአገሬው ሰውም አይጠጣም፤ ቤቱም ሆነ መደቡ ጋራፎን በሚባል 20 ሊትር በሚይዝ ዕቃ የተጣራ ውኃ ይገዛል። የፍራፍሬ ውኃው ከዚያ ከተቀዳ ችግር የለውም፤ ጋራፎኑ ከመደቡ ኋላ ይታያል፤ ካልታየ ጠይቁ። በረዶው መሐሉ ቀዳዳ ያለው ድብልብል ከሆነ ከፋብሪካ የመጣ ነው። እኔ የበለጠ የምጠነቀቀው ከረፋድ ጀምሮ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሳልሳ ነው። ሎሚ ግን እንዳሻችሁ ጭመቁ፤ እንደ ሳልሳው በነጻ ነው፤ በአጠገባችሁ የሚያልፈው ሰውም «ፕሮቬቾ» ይላችኋል፤ እንደ እኛ «እንብላ» የግብዣ ቃል ሳይሆን «ይስማማህ» እንደማለት ነውና አመስግናችሁ መብላታችሁን ቀጥሉ።