የቀይ ባሕሩ ፍርስራሽና የጋይንቷ ቤተ ልሔም

ሮማውያን በባሕር ዳርቻ የሠሯቸውን ከተሞች ፍርስራሽ ለማየት ሰው እስከ ሊቢያና ቱኒዚያ ይሄዳል። ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ዙላ አጠገብ ያለችው አዱሊስ ግን ለታሪካችን የበለጠ ትቀርባለች። የሮም ግዛት ሆና አታውቅም፤ የአክሱም ወደብ ነበረች። ከግብፅ የሚነሱት መርከቦች በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጨርቅ፣ ብርጭቆና ወይን ጠጅ አራግፈውባት የዝሆን ጥርስ ጭነው ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር እዚያው ሰፍሮ ስለነበር፣ ከመኮንኖቹ አንዱ ቆፍሮ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አገኘ። መቅደሱን ከሕዝቡ የሚለየው እብነ በረድ ቁስጥንጥንያ አቅራቢያ ካለ ደሴት ተጠርቦ በመርከብ የመጣ ነው!

ያ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው በባዚሊካ ቅርጽ ነው። ሮማውያን ለችሎትና ለገበያ የሚገለገሉበትን ረጅም አዳራሽ ክርስቲያኖች በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለጸሎት ወረሱት፤ በአክሱም በኩልም ወደ ደጋው ወጣ።

ታዲያ ይህ ቅርጽ ዛሬም ቅዳሴ ሲቀደስበት ማየት የፈለገ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይሂድ። ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ ስታዩት እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ ነው። ወደ ውስጥ ስትዘልቁ ግን አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ ፊት ለፊት ይገጥማችኋል። እኔ እግሬ እዚያው ተተክሎ ቀረ። ድንጋዩ በጥንቃቄ ተጠርቦ የተገጠመ ነው፤ ክቡ ቤት እንደ ጋቢ ከላይ የተደረበለት በኋላ ዘመን ነው። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1955 አይቶት በመጽሐፉ ስለጻፈ “አገኘው” ይባላል። ይህን አባባል አልቀበልም። ካህናቱ መቼም ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ቤተ ልሔም ድጓ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ማስመስከሪያም ናት። ከየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ መምህር ለመሆን እዚህ መጥቶ ይመሰክራል። ተማሪው ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ደቃቅ ምልክቶች በጣቱ እየተከተለ ሲያዜም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። አዱሊስ ላይ የቀረው መሠረትና ስብርባሪ ነው፤ እዚህ ግን ግንቡም፣ ዜማውም፣ መምህሩም አሉ።

የምትሄዱ ካላችሁ ከደጅ ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ። ካህናቱን አስፈቅዱ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ቅኔ ማኅሌቱን እየዞራችሁ የውስጡን ግንብ በደንብ እዩት።