በጥፍር ዳር የሚበቅል ሥጋ ያለ ምላጭ እንዴት ይታከማል?

በሶማሌ ተራ አሮጌ መኪና የሚፈታና መለዋወጫ የሚሸጥ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ቆሞ ይውላል። እግሩ በጠባብ ጫማ ውስጥ ያልበዋል፤ አንዳንዴም ብረት ይወድቅበታል። ከዚህ የተነሣ በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ዳር ቀይ፣ እርጥብና ሲነኩት ቶሎ የሚደማ ሥጋ ሊበቅል ይችላል።

ሕመሙ የጠናበት ሰው «ትርፍ ሥጋ ነው» ብሎ በምላጭ ይቆርጠዋል፤ ቤንዚን ወይም የባትሪ አሲድ የሚያፈስበትም አይጠፋም። ይህ መድኀኒት አይደለም። ቆሻሻ ምላጭ ጀርም ያስገባል፤ አሲዱም ደኅናውን ሥጋ ያቃጥላል። ደግሞም ሥጋው ቢቆረጥ ተመልሶ ይበቅላል።

ምክንያቱም ጥፋቱ የሥጋው ሳይሆን የጥፍሩ ነው። የጥፍሩ ጠርዝ እንደ እሾህ ገብቶ ይወጋል፤ ሰውነትም ቁስሉን ለመሙላት አዲስ ሥጋ ይሠራል። ውጋቱ ካልቆመ የሥጋው ማደግም አይቆምም። እሾሁ ሲነሣ ግን ሥጋው ብዙውን ጊዜ ራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ ሕመሙ ገና ሲጀምር በቤት ውስጥ እንዲህ እንዲደረግ እንመክራለን፦

1ኛ/ እግሩን በሳሙና አጥቦ የግሪሱን እድፍ ካስለቀቁ በኋላ፣ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ፤ ይህንንም በቀን 3 ጊዜ ማድረግ፤ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ማድረቅ።

2ኛ/ ጥቂት ንጹሕ ጥጥ እንደ ክር አጠንዝሎ በሚወጋው የጥፍር ጠርዝ ሥር ቀስ አድርጎ ማስገባትና በየቀኑ መለወጥ።

3ኛ/ በፕላስተር የጥፍሩን ዳር ቆዳ ከጥፍሩ ወደ ውጭ ስቦ ማሰር፤ ጣቱ እስኪደነዝዝ ግን ማጥበቅ አይገባም።

4ኛ/ ጥፍርን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፤ ማዕዘኑን ወደ ውስጥ አለመጎርጎር።

5ኛ/ ፊቱ ሰፊ የሆነ ጫማ ማድረግ፤ ካልሲን በየቀኑ ማጠብ፤ ምላጭና የጥፍር መቁረጫ አለመዋዋስ።

የእግር ጥፍር በወር 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ባለሙያው ሥጋውን በሲልቨር ናይትሬት ነክቶ ሊያከስመው ይችላል፤ ይህን ግን ማንም በቤቱ አይሞክረው።

የስኳር በሽታ ያለበት ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው በቤት ሕክምና ጊዜ ማባከን የለበትም፤ ትንሹ ቁስል ጣት እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላልና። መግል የቋጠረ፣ እብጠቱ የሚስፋፋ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ የወጣበት ወይም ያተኮሰው ሰውም በዚያው ቀን ይታይ። ከጥፍሩ ሥር ጥቁር ቀለም ታይቶ ከጥፍሩ ዕድገት ጋር ወደ ፊት ካልሄደ፣ አልፎ አልፎ የካንሰር ምልክት ስለሚሆን መመርመር አለበት። በቆሻሻ ብረት የቆሰለ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልገው ይጠይቅ።

የቀን ገቢ ይቀርብኛል ብሎ ሕመሙን ችሎ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የግማሽ ቀን ሥራ ቢቀር ይተካል፤ የተቆረጠ ጣት ግን አይተካም። የሱቅ ባለቤቶችም የሚያነክስ ሠራተኛ ሲያዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ቢፈቅዱለት ለሥራቸውም ይጠቅማል።