ከእንጦጦ የወጣው የበገና መምህር፦ ዓለሙ አጋ

ሁዳዴ ሲገባ በየስልካችን የምንሰማው፣ እንደ ንብ መንጋ ዝዝዝ የሚል ወፍራም ድምፅ አለ አይደል? በገና ነው። ዛሬ ይህን ድምፅ በክፉ ጊዜ ይዘው ስላቆዩት ስለ ዓለሙ አጋ እናውጋችሁ።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950 እዚሁ እንጦጦ ነው። 12 ዓመት ሲሆናቸው የበገና ሊቁ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ጎረቤታቸው ሆነው መጡ። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ተጀመረ። ያኔ ዩቲዩብ የለም፤ በገና የሚለመደው ከመምህር እግር ስር ቁጭ ብሎ ጣቱን እያዩ ነው።

በገና 10 አውታር አለው። አውታሮቹ በባህሉ ከበግ አንጀት ይሠራሉ። ሁሉም ግን አይመቱም፤ አንዳንዶቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። ያ ዝዝታ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ አውታሩና ብርኩማው በሚገናኙበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ እሷን እየነካ ያንዘረዝራል። እንዚራዋ ትንሽ ከቦታዋ ከተንሸራተተች ድምፁ ይሞታል፤ ስለዚህ ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ በአንድ ያስተካክላል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው የሚሆን መሣሪያ አይደለም!

እንደ ክራርና ማሲንቆ ለሠርግም ለአዝማሪ ቤትም አይወጣም፤ የጸሎትና የተመስጦ ነው። የሚገርመው ግን ቅዳሴ ላይም አይደረደርም። ቤቱ የሰው ቤት ነው።

ወደ ዓለሙ እንመለስ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ጂኦግራፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ግን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ከዚያ ደርግ መጣ። የሃይማኖት ነገር ስለሆነ በገና ከሬዲዮ ጠፋ፤ በትምህርት ቤቱም ትምህርቱ ቆመ። በ1980 ሥራቸውን ለቀው ፒያሳ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። አስቡት፣ የአገሪቱ አንደኛ የበገና መምህር ባለ ሱቅ ሆኑ። በገናውን ግን አልተዉትም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ድምፃቸው አገር አቋርጦ በሲዲ ወጣ። እነ ሙላቱ አስታጥቄን ለዓለም ያስተዋወቀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ አልበም 11ኛ ቁጥሩን ሙሉ ለሙሉ ለእሳቸው ሰጠ። እዚህ በር የተዘጋበት መሣሪያ ፓሪስ ላይ ታተመ ማለት ነው።

ዛሬ በገና የሚማር ወጣት ሞልቷል፤ ማስተማሪያ ቤቶችም አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ለመስማት ከፈለጋችሁ ከዚያው አልበም «አባታችን ሆይ»ን ፈልጉ። በስልኩ ስፒከር ግን አትስሙት፤ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። ኢርፎን አድርጉ፣ ማታ ላይ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል።