ሳይወለዱ መታከም፦ የፅንስ ምርመራና ሕክምና

በእርግዝና ጊዜ ለፅንስ የሚደረጉ ምርመራዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የማጣሪያ ምርመራ ነው፤ ፅንሱ ችግር የሚኖርበት ዕድል ከፍ ያለ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማል። ሁለተኛው የማረጋገጫ ምርመራ ሲሆን ከፅንሱ፣ ከእንግዴ ልጁ ወይም ከእንሽርት ውሃው ናሙና ተወስዶ ቁርጥ ያለ መልስ ይገኝበታል። ማጣሪያው ለእናትም ለፅንስም ጉዳት የለውም። ማረጋገጫው ግን መርፌ ወደ ማኅፀን የሚገባበት በመሆኑ፣ ትንሽም ቢሆን ውርጃ የማስከተል ስጋት አለው። በዚህም የተነሳ ወደ ማረጋገጫው የሚኬደው በቂ ምክንያት ሲኖርና እናቲቱ ስትስማማ ነው።

ከማጣሪያዎቹ በስፋት የሚሠራበት አልትራሳውንድ ነው። ኢያን ዶናልድ የተባለው የግላስጎው የማኅፀንና ፅንስ ሐኪም ብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅ የሚፈተሽበትን መሣሪያ ለሕክምና አውሎ፣ ውጤቱን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። ዛሬ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በፅንሱ ማጅራት ቆዳ ሥር ያለው ፈሳሽ ይለካል፤ ፈሳሹ ከበዛ የክሮሞዞም ወይም የልብ ችግር ሊኖር ይችላል። ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ደግሞ አንጎሉ፣ አራቱ የልብ ክፍሎች፣ አከርካሪው፣ ኩላሊቶቹና እጅ እግሩ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ሌላው ማጣሪያ ከእናቲቱ ክንድ በሚቀዳ ደም የሚሠራ ነው። ተመራማሪው ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በነፍሰ ጡር ደም ውስጥ የፅንስ ዲኤንኤ እንደሚገኝ አሳዩ። በዚህ ግኝት ላይ የተመሠረተው ምርመራ ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ሊደረግ ይችላል፤ ዳውን ሲንድረምን በመለየት ረገድም በጣም አስተማማኝ ነው። ሆኖም ዲኤንኤው በአብዛኛው የሚመነጨው ከእንግዴ ልጁ ስለሆነ አልፎ አልፎ ከፅንሱ ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ችግር አለ የሚል ውጤት በማረጋገጫ ምርመራ መጣራት አለበት።

ማረጋገጫዎቹ የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። ከእንግዴ ልጁ ናሙና የሚወሰደው ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አምኒዮሴንቴሲስ የሚባለው የእንሽርት ውሃ ምርመራ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ይሠራል። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ስክሪን እያየ ቀጭን መርፌ በሆድ በኩል ያስገባና ፅንሱንና እትብቱን ሸሽቶ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ ይቀዳል። በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት የፅንሱ ሴሎች በላቦራቶሪ ይራባሉ፤ ክሮሞዞሞቻቸውም ይቆጠራሉ። የፅንሱ ደም ራሱ ሲያስፈልግ ከ18ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ከእትብቱ ደም ሥር ይቀዳል።

ምርመራው ችግር ሲያሳይ አንዳንዱ በማኅፀን ሳለ ሊታከም ይችላል። ቀላሉ መንገድ መድኃኒቱን ለእናቲቱ መስጠት ነው። የፅንሱ ልብ ከልክ በላይ ሲፈጥን እናቲቱ የምትወስደው ዲጎክሲን በእንግዴ ልጁ አልፎ ለፅንሱ ይደርሳል። ያለጊዜው ይወለዳል ተብሎ ለሚሰጋ ሕፃንም ሳንባው እንዲጠነክር እናቲቱ የስቴሮይድ መርፌ ትወጋለች፤ ጥቅሙን ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 አሳይተዋል።

በማኅፀን ውስጥ በቀጥታ ለፅንስ የሚሰጥ ሕክምና የተጀመረው በሾተላይ ነው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ ደም ከእናቲቱ ደም ጋር ይቀላቀልና ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በደህና ይወለዳል። በቀጣዩ እርግዝና ግን ይኸው ፀረ እንግዳ አካል ወደ ፅንሱ አልፎ ቀይ የደም ሴሎቹን ይሰብራል፤ ፅንሱ ደም ያንሰዋል፣ ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል፣ ልቡ ይደክማል። ዊልያም ላይሊ የተባለ ሐኪም በኒውዚላንዷ ኦክላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1963 በእናቲቱ ሆድ በኩል መርፌ አስገብቶ ለፅንሱ ሆድ ዕቃ ደም ሰጠ፤ ሕፃኑም ተርፎ ተወለደ።

አሁን ደሙ የሚሰጠው በአልትራሳውንድ እየታየ በእትብቱ ደም ሥር ነው። ለዚህ የሚመረጠው ኦ ኔጌቲቭ ሲሆን፣ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ብዙ ሴል እንዲይዝ ይወፍራል፤ ከእናቲቱ ደም ጋር መስማማቱም አስቀድሞ ይረጋገጣል። ደም ያነሰው ፅንስ የሚለየው ደግሞ ያለ መርፌ ነው፤ ደሙ ሲቀጥን በአንጎሉ ደም ሥር የሚፈስበት ፍጥነት ስለሚጨምር በዶፕለር አልትራሳውንድ ይለካል። ሕክምናው እንደ ፅንሱ ሁኔታ በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከሉ ነው። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት በ28ኛው ሳምንት፣ እንዲሁም ፖዘቲቭ ሕፃን በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ መርፌ ከተወጋች ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካሉን እንዳያመርት ይከላከልላታል።

አንድ እንግዴ ልጅ የሚጋሩ መንትዮች ሌላ አደጋ አለባቸው። በጋራ ደም ሥሮቻቸው አማካይነት ከአንዱ ወደ ሌላው ደም አድልቶ ሲፈስ፣ ሰጪው ይደርቃል፣ ተቀባዩም ልቡ ከአቅሙ በላይ ይሠራል። ሐኪሙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካሜራ አስገብቶ የሚያገናኟቸውን ደም ሥሮች በሌዘር ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የአውሮፓ ጥናት እንዳሳየው ከመንትዮቹ ቢያንስ አንዱ የተረፈው በሌዘር ከታከሙት 76 በመቶ፣ የእንሽርት ውሃ ብቻ ከተቀዳላቸው ደግሞ 56 በመቶ በሚሆኑት እርግዝናዎች ነው።

ማኅፀን ተከፍቶ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናም አለ። ማይክል ሃሪሰን የተባለ ሐኪም በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1981 የሽንት ቧንቧው ለተዘጋ ፅንስ አደረገው። በኋላ የአከርካሪ ክፍተትን ለመጠገን ዋለ፤ ክፍተቱ ሳይሸፈን በቆየ ቁጥር ኅብለ ሰረሰሩ በእንሽርት ውሃው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ከ26ኛው ሳምንት በፊት የታከሙትን ከወሊድ በኋላ ከታከሙት ጋር አወዳደረ። በጭንቅላታቸው የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ ያስፈለጋቸው ከመጀመሪያዎቹ 40 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 82 በመቶ ነበሩ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ሕፃናቱ ቀድመው ይወለዳሉ፤ እናቲቱ በማኅፀኗ ላይ ጠባሳ ስለሚቀር ያንንም ሆነ ተከታዮቹን ልጆች በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች።

በኢትዮጵያ የአከርካሪ ክፍተትና መሰል ጉድለቶች በብዛት የሚታዩ በመሆናቸው መከላከያው ይበልጥ ያስፈልጋል። መከላከያው የሆነው ፎሊክ አሲድ የሚጠቅመው ከእርግዝና በፊት ሲጀመር ነው፤ ክፍተቱ የሚዘጋው ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ገደማ ነውና። የስንዴ ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ለአብዛኞቹ የአፈጣጠር ጉድለቶች በማኅፀን የሚሰጥ ሕክምና የለም። ያም ሆኖ አስቀድሞ መታወቃቸው ይጠቅማል፤ የልብ ችግር ያለበት ሕፃን የልብ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል እንዲወለድ ይደረጋል። ጉድለቱ የማይድንና ከባድ ሲሆን ደግሞ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናው እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። የምርመራው ውጤት የቱንም ያህል ግልጽ ቢሆን ውሳኔው የእናቲቱ ነው፤ የሐኪሙ ድርሻ የእያንዳንዱን አማራጭ ጥቅምና ጉዳት ሳያዳላ ማስረዳት ነው።