ድብርት በእርግጥ የኬሚካል ጉድለት ነውን?

የሀገራችን ጉዳይ ፋታ በነሳን ወቅት ስለ ድብርት መጻፌ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከስብሰባውና ከሰላማዊ ሰልፉ በኋላ ከብዙዎቻችን ጋር ወደ ኪራይ ክፍላችን የሚገባ በሽታ ስለሆነ ዝም ማለቱን አልወደድኩትም።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ የስደት ወዳጄ ነው። ለዓመታት የድብርት መድኃኒት ሲወስድ ቆይቶ አንድ ቀን ደወለና፣ «ስማ እንጂ! የአንጎልህ ኬሚካል አንሷል ብለው ያስዋጡኝ ለካ ውሸት ኖሯል። አንዲት ፕሮፌሰር አጋልጣቸዋለች። እኔም ኪኒኑን ጥዬዋለሁ» አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው ራሱን ያዞረው፣ እንቅልፍ ይነሳው፣ ያለ ምክንያት ያስቆጣው ጀመር። እኔም ሴትዮዋ ያሉትን ለማወቅ ጽሑፋቸውን ፈልጌ አነበብኩ።

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ በሚገኝ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል አይፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕሙማን ያልተጠበቀ ደስታና ብርታት ታየባቸው። በአንጻሩ ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረው ሬዘርፒን አንዳንዶችን ለድብርት ዳረገ ተባለ። የመጀመሪያው በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎች እንዳይፈርሱ ይከላከላል፤ ሁለተኛው ያመናምናቸዋል። ጆሴፍ ሺልድክራውት የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንን አገናኝተው፣ ድብርት ከኖርኤፒነፍሪን ማነስ ሊመጣ ይችላል የሚል መላ ምት አሳተሙ። ልብ በሉ! ሐሳቡ ውስብስብ ነገርን ከልክ በላይ ማቅለል መሆኑን ራሳቸው ጽፈው ነበር። ሌሎች ደግሞ ጣታቸውን ወደ ሴሮቶኒን ቀሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ፕሮዛክ በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ «የኬሚካል መዛባት» የሚለው አባባል በማስታወቂያ ተስፋፋ። አንድ ነገር በመደጋገም ብቻ እንዴት እውነት እንደሚመስል እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ወዳጄ የጠቀሳቸው ፕሮፌሰር ጆአና ሞንክሪፍ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የሥነ አእምሮ ተመራማሪ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 «ሞለኪውላር ሳይካያትሪ» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ቀደም ሲል የተሠሩ ምርምሮችን ሰብስበው መረመሩ፤ የደም ምርመራን፣ የአንጎል ምስልን፣ የዘር ውርስንና ሴሮቶኒንን ሆን ብሎ የመቀነስ ሙከራን ጭምር። መደምደሚያቸው፣ ድብርት በሴሮቶኒን ማነስ ስለመምጣቱ አስተማማኝ ማስረጃ የለም የሚል ነው። በቀጣዩ ዓመት በርካታ ተመራማሪዎች በዚያው መጽሔት ማስረጃው በትክክል አልተመዘነም ብለው ተቃወሟቸው። ክርክሩ አልተዘጋም።

ወዳጄን ያሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የበሽታው መንስኤ አንድ ጥያቄ ነው፤ መድኃኒቱ ይረዳል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቡና እንቅልፍ ያባርራል፤ እንቅልፋችን የመጣው ግን ቡና ስላነሰን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላንሴት» ላይ የወጣ ጥናት 522 ሙከራዎችን መርምሮ፣ 21ዱም የድብርት መድኃኒቶች ከባዶ ኪኒን የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ በአማካይ መጠነኛ ነው፤ ሙከራዎቹም በአብዛኛው የሳምንታት ነበሩ። ሞንክሪፍ ራሳቸው የመድኃኒቶቹ ጽኑ ተቺ ቢሆኑም፣ በድንገት አቁሙ አላሉም። ለረጅም ጊዜ የተወሰደን ኪኒን በአንድ ቀን መጣል ወዳጄን ያገኘውን ሁሉ ሊያመጣ ይችላል። ማቆም የፈለገ ከሐኪሙ ጋር ቀስ በቀስ ይቀንስ።

እኔ የተረዳሁት ይህንን ነው። ቤተሰብን ጥሎ መሰደድ፣ የሌሊት ሥራ፣ ብቸኝነትና ከሀገር ቤት የሚመጣው መርዶ በአንድ ኬሚካል ስም ተጠቃሎ የሚያልቅ አይደለም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ስንፍናም እርግማንም አይደለም። ወዳጄ ወደ ሐኪሙ ተመልሷል። ቅዳሜ ቅዳሜም እየተገናኘን ቡና እንጠጣለን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። እስቲ ዛሬ ድምፁ ለጠፋ አንድ ወዳጃችን ስልክ እንደውል።

ቸር ያሰንብተን!